የልዕልት ሠርግና የፈህሚያ ሽቦ

ፈህሚያ ጥርሷን በሽቦ ያሳሰረችው በሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ አባቷ ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ያያት ጎረቤት ሁሉ «አሁን ነው እንዴ የሚታሰረው? ይሄማ የልጆች አይደለም?» እያለ ይገረም ነበር። እሷ ግን ደንታም አልነበራት። የላይኞቹ ጥርሶቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ተደራርበው የበቀሉ ናቸው፤ መምህርት ሆና የራሷ ደመወዝ እጇ ሲገባ መጀመሪያ የሄደችው ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው። ሽቦው ከታሰረላት ወዲህ መስታወት ባየች ቁጥር ጥርሶቿ ትንሽ ቦታ የለቀቁ እየመሰላት ብቻዋን ትስቃለች።

በጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አብራት የምታስተምረው ጓደኛዋ ልዕልት ልታገባ ሆነ። ሠርጉ የልዕልት ወላጆች በሚኖሩበት፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። ፈህሚያ ቅዳሜ ሄዳ ማክሰኞ ለመመለስ አሰበችና ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ዶክተር ጽጌሬዳ ዘንድ ገባች።

«የሠርግ ቤት አራት ቀን!» አሉ ዶክተር ጽጌሬዳ ራሳቸውን ይዘው። «ስሚኝ እንግዲህ። ቆሎ አይበላም። ዳቦ ቆሎ አይበላም። አጥንት አይጋጥም። ሸንኮራ በጥርስ አይላጥም። ቆሎ ብዬሻለሁ?»

«መጀመሪያ ያሉኝ እሱን ነው።»

«ግድ የለም፣ ይደገም። ቆሎ አይበላም።»

ከዚያ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ለስላሳ ብሩሽ፣ የኪስ መስታወትና ነጭ ሰም ሰጧት። «የሽቦው ጫፍ ወጥቶ ጉንጭሽን ከወጋሽ፣ ከዚች ሰም ቆንጥረሽ፣ አድቦልቡለሽ ጫፉ ላይ ትለጥፊበታለሽ። እኔ ጋ እስክትመጪ ያስታግስልሻል።»

ፈህሚያ ትንሿን ቦርሳ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች፤ ሻንጣው ደግሞ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ደባርቅ ስትደርስ ልዕልት አክስቶቿንና የአክስቶቿን ልጆች አስከትላ መንገድ ዳር ትጠብቃት ነበር። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም እልልታው ቀለጠ። ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ ልዕልት እንደገና ልታቅፋት ተመለሰች፣ አክስቶቹ ተራ በተራ ሳሟት። ፈህሚያ በመጨረሻ ቀና ስትል ሚኒባሱ የሊማሊሞን ቁልቁለት ጀምሮ ወደ አዲ አርቃይ ሄዷል፤ ሻንጣውም ጣሪያው ላይ አብሮ ሄዷል።

የረዳቱን ስልክ ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀባቸው።

«ሻንጣሽ ደህና ነው፣ እህቴ» አላት ረዳቱ። «እዚህ አዲ አርቃይ አልጋ ተይዞለታል። እስከ ሰኞ መኪናችን አይወጣም። ሰኞ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ልዕልት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፈህሚያም ከመናደዷ በፊት ሳቋ ቀደማት። ለነገ የሚለበሰውን ቀሚስ ልዕልት አዋሰቻት፤ ያልተከፈተ አዲስ የጥርስ ብሩሽም ከሙሽራ ዕቃዋ መሀል አውጥታ ሰጠቻት። ሰሙ ግን የሚዋስ ነገር አልነበረም። «ማን ያውቃል፣ ላያስፈልገኝ ይችላል» አለች ፈህሚያ።

ሠርጉ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ የተቀበሏት የልዕልት አባት ታላቅ ወንድም፣ ንብ አርቢው አያ አድማሴ ነበሩ። እጇን እንደያዙ አፏ ላይ አፈጠጡ።

«ምነው ልጄ? ማን ነው እንዲህ አጥሮ ያስቀመጠሽ?»

«ሐኪም ነው፣ አያ አድማሴ።»

«ምን አጥፍተሽ?»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ፈህሚያም እየሳቀች፣ «ጥርሴ ተጣሞ ስለበቀለ እንዲቃና ነው» አለቻቸው።

«ችግኝ በእንጨት ተደግፎ እንደሚታሰረው?»

«ልክ እንደሱ።»

«በይ ሸጋ ነው» አሉ አያ አድማሴ፣ በጥሞና አስበውበት። «ይጽደቅልሽ።»

ችግሩ የመጣው ከእትዬ እናኑ በኩል ነው። እትዬ እናኑ የልዕልት አክስት ናቸው፤ የሠርጉ ማዕድ ቤት በሙሉ በእሳቸው ትእዛዝ ያድራል። ትኩስ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው መጡና ፈህሚያ ፊት አቀረቡ። ፈህሚያ አመስግና እምቢ አለች። እትዬ እናኑ ዞር ብለው ተመለሱ፤ አሁንም አመሰገነች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«የኛ ገብስ አይጥምሽም ማለት ነው?»

ፈህሚያ ያንን ፊት አይታ አንጀቷ አልቻለም። ሁለት ፍሬ ብቻ ዘግና ምላሷ ስር ከተተች፤ በምራቋ እስኪርስ ጠብቃ ልትውጠው ነበር ሐሳቧ። እዚህ ላይ አያ አድማሴ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፣ «አጥሩ በር አለው?» አሏት።

ሳቀች። ስትስቅ ቆሎው ከምላሷ ስር ሾልኮ ጥርሷ መሀል ገባና ጥርሷ ገጠመ። ቀጭ አለ።

ሽቦው ከኋለኛው ጥርስ ማሰሪያ ወጥቶ ጫፉ ጉንጯን እንደ እሾህ ወጋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለማንም ሳትናገር፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ ስልኳን ይዛ ወጣች። በዚያ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቶቹ በላይ ባለው ጉብታ ጫፍ ላይ ነው። እየተንጠላጠለች ወጣች። ጉብታው ላይ አንድ ረዘም ያለ ወጣት በስልኩ ስለ ሰሊጥ ጭነት እየተነጋገረ ነበር። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ቦታ ለቀቀላት።

«ዶክተር! ፈህሚያ ነኝ! ሽቦው ወጣ!» ብላ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ጮኸች። «የለም፣ የአጥር አይደለም፣ የአፌ ሽቦ! ... ቆሎ ... አዎ፣ አውቃለሁ፣ ብለውኛል! ... ልጎትተው?»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። የሐኪሟ ድምፅ «አት...» ብሎ ተቆረጠ።

«ልጎትተው ነው ያሉኝ?»

«አት...»

«አትጎትቺ ነው የሚሉሽ» አለ ወጣቱ ከጀርባዋ።

ፈህሚያ ዞረች። «አንተ በምን አወቅህ?»

ወጣቱ ግራና ቀኝ አየ፣ ፊቱን መለስ አደረገ፣ ጣቱን አፉ ውስጥ አስገብቶ የሆነ ነገር ቀጭ አደረገና መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳያት። ጥርት ያለ፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ፣ የጥርስ ቅርጽ ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው።

«ሪቴይነር!» አለች ፈህሚያ። ሕመሟን ረሳችው። ሽቦው ሲፈታ እሷም እንዲህ ያለውን እንደምታደርግ ሐኪሟ ነግረዋታል፤ ጥርሶቹ ወደ ድሮ ቦታቸው እንዳይመለሱ የሚይዛቸው እሱ ነው።

«ሁለት ዓመት ተኩል ሽቦ ታስሬ ነበር» አለ። «ሳንጃ፣ ሰሊጥ ማሳ መሀል እየዞርኩ። በሽቦ ያልደረሰብኝ ነገር የለም። ጃቢር እባላለሁ። የሙሽራው ጓደኛ ነኝ፤ ለኛ ለሙስሊሞቹ የሚታረደውን በግ ነገ እንዳርድ ነው ቀድሜ የመጣሁት።»

ከስልኩ ድምፅ መጣ። ኔትወርኩ ተመልሷል። «ማን ነው እዚያ የሚያወራው?»

«ሪቴይነር ያለው ሰው ነው፣ ዶክተር! ጃቢር የሚባል፣ ከሳንጃ!»

ጃቢር ሪቴይነሩን ቶሎ ወደ አፉ መለሰ።

«ጃቢር?» አሉ ዶክተር ጽጌሬዳ። «አንተ ሰው፣ ለቁጥጥር የቀጠርኩህ ኅዳር ላይ አልነበረም እንዴ?»

ጃቢር በዚያ ሁሉ ቁመቱ አጠረ። «ሰሊጥ ይዞኝ ነው፣ ዶክተር።»

«ሰሊጡ ጥርስህን ይጠብቅልህ እንደሆነ እናያለን! ማክሰኞ ልጅቷን ይዘህ እንድትመጣ። እስከዚያው እጇን ትታጠብ፣ ጥርሱን በጥጥ ታድርቀው፣ ሽቦውን በላጲስ ጫፍ ቀስ አድርጋ ወደ ጥርሱ ትግፋውና ሰም ትለጥፍበት። በፒንሳ የሚነካ ሰው እንዳይኖር!»

«ሰሙ አዲ አርቃይ ነው ያለው» አለች ፈህሚያ።

«ምን ሊያደርግ ሄደ?»

ለዚህ መልስ ሳይሰጡ ኔትወርኩ ድርግም አለ። ሁለቱ ተያዩና ሳቃቸውን ለቀቁት። ፈህሚያ መሳቅ ስላመማት ጉንጯን ይዛ ተቀመጠች፤ እሱ ይቅርታ እየጠየቀ ይስቃል፣ እሷ «ተው፣ ያማል» እያለች ትስቃለች።

ሰም ከየት ይምጣ? ጃቢር የነበረው ድሮ አልቋል። ድንገት ፈህሚያ፣ «አያ አድማሴ ንብ ያረባሉ!» አለች። ቁልቁለቱን እየሮጡ ወረዱ።

አያ አድማሴ ጉዳዩን በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆን፣ አንጥረው ያስቀመጡትን ንጹሕ ሰም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንዳለ አመጡ። «እንካችሁ። ጧፍ ሆኖ ሲበራ ስንት ዘመን አይቻለሁ፤ ሰው አፍ ሲገባ ግን ገና ዛሬ ነው። እኔም ልይ።»

ላጲስ ያለበት እርሳስ ከመምህርቷ የእጅ ቦርሳ ተገኘ፤ ጥጡ ከልዕልት እናት። ፈህሚያ እጇን በሳሙና ታጥባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ጃቢር ስልኩን እንደ መስታወት ያዘላት፤ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ፣ «አሁን ግፊው፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ገባ?» ይላል።

«አላየህም?»

«ልይ እንዴ?»

«እይ እንጂ! ሳታይ ምን ትመራኛለህ?»

ዞሮ አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ሽቦው ወደ ጥርሷ ተጠጋ፤ ሰሙን በጣቶቿ አሙቃ፣ አድቦልቡላ ለጠፈችበት። ውጋቱ ጸጥ አለ። ፈህሚያ ዓይኗን ጨፈነችና «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ አያ አድማሴ «ስሙ ይመስገን» አሉ፣ ከበው የሚያዩት ዘመዶች አጨበጨቡ።

«ከበላሽ በኋላ ሰሙ ይለቃል» አላት ጃቢር። «በየጊዜው አዲስ ትለጥፊያለሽ። የተረፈውን አቧራ እንዳይነካው በዚህ ያዢው።» ከኪሱ አንዲት ክብ አረንጓዴ ማስቀመጫ አውጥቶ ሰጣት።

«ይሄ እኮ የሪቴይነርህ ቤት ነው! አንተ በምን ልታስቀምጠው?»

«ነገ ለምሳ ብቻ አይደል የማወጣው? ሶፍት አለኝ።»

ሁለት ዓመት ተኩል በሽቦ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት መሥራት አልነበረበትም። ግን ያን ጊዜ ፈህሚያ ፈገግ ብላ እያየችው ነበር።

እሑድ ሠርጉ ደመቀ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ፣ በር ላይ ተዘፈነ፣ ተገባ። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ በታረደው በግ ማዕዱ በሌላ ዳስ ተዘጋጀ። ጃቢርና ፈህሚያ ከሙሽራው ሰፈር ከመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር አንድ ትሪ ከበቡ። ጃቢር ፊቱን አዙሮ ሪቴይነሩን አወጣ፣ በሶፍት ጠቀለለና ከትሪው ጎን አስቀመጠው። ፈህሚያ ሥጋውን በጣቷ እያላላች በላች። ሽማግሌዎቹ አጥንት ሲያቀርቡላት ጃቢር «እሷ አትግጥም» እያለ ይቀበላቸዋል፤ እሱ ፊት ያለው አጥንት ተራራ ሆነ።

እንዲህ እያሉ ሳለ አዝማሪው ማሲንቆውን ገዘገዘና ሁሉም ዳሱን ለቆ ወደ ግቢው ወጣ። ልዕልት በሙሽራ ቀሚሷ መጥታ የፈህሚያን እጅ ጎትታ አስገባቻት። እስክስታው ተጋጋለ። ጃቢር ጭብጨባ ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ድንገት ጭብጨባው ቆመ፤ እጁ በአየር ላይ ቀረ። ወደ ዳሱ ሮጠ።

ትሪው ተነሥቷል። ሶፍቱም ተጠራርጓል።

«ፈህሚያ!» አለ ተመልሶ፣ በጆሮዋ። «ጥርሴ ጠፋ።»

አጠገባቸው የነበሩት አያ አድማሴ ግን ጆሯቸው ገና ደህና ነው። ሁለቱን እጃቸውን አንሥተው ማሲንቆውን አስቆሙና፣ «ስሙ ወገኖች!» አሉ። «የእንግዳ ጥርስ ጠፍቷል! ማንም ሰው ሳያይ እንዳይረግጥ!»

ሠርገኛው ባንዴ አቀረቀረ። ነጠላ ተራገፈ፣ አግዳሚ ተነሣ፣ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ተገለባበጠ። አንዱ «ስንት ጥርስ ነው የወለቀው?» ይላል፤ ሌላው «ሁሉም ነው አሉ፣ በአንድ ጊዜ» ይላል። ከሙሽራው ወገን የመጡ አንዲት ሴት የጃቢርን አገጭ ይዘው፣ «ይኸው አፉ ሙሉ ነው፣ ምን ጠፋ ትላላችሁ!» ብለው ተቆጡ። ጃቢር ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አዝማሪው ቀደመው፦

«ሙሽራው ሚስት አገኘ፣ ሚዜውም ጭብጨባ፣
የሳንጃው ነጋዴ ግን ጥርሱን ጥሎ ገባ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ልዕልት ከሳቋ ብዛት ኩሏ ጉንጯ ላይ ወረደ። ፈህሚያ ግን አንድ ነገር ጠርጥራለች፤ ከትሪዎቹ ጋር የተነሣ ነገር የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ነው። የተዋሰችውን ቀሚስ ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤቱ ሮጠች።

እትዬ እናኑ ከእሳቱ ዳር ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የሚፈላ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው እጃቸው ደግሞ ሪቴይነሩን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ይዘዋል። ከፊታቸው ጎድጓዳ ሳህን አለ።

«የሰው ጥርስ ቆሽሾ አይመለስም» ይላሉ ለረዳቶቻቸው። «መጀመሪያ በደንብ ይቀቀል።»

«እትዬ እናኑ! ፈላ ውሃ አይነካውም!»

እትዬ እናኑ ደንግጠው ሪቴይነሩን ለቀቁት። ፈህሚያ ዘለለች። ሳህኑ ተገለበጠ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ተበተነ፣ እሷም በጉልበቷ ወደቀች፤ ግን መሬት ሳይነካ በመዳፏ ቀልባዋለች። ያንን ስስ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ቢነካው ኖሮ ተኮማትሮ ለማንም ጥርስ አይሆንም ነበር።

«ምን አለበት ብትነግሩኝ!» አሉ እትዬ እናኑ። «በአንድ ቤት ውስጥ አንዷ ሽቦ፣ አንዱ ላስቲክ አፉ ውስጥ ይዞ ሲመጣ እኔ በምን ልወቅ?» ከዚያ ፈህሚያን ከነልጣጩ አንሥተው አቀፏት። «ትናንት ቆሎውን ብዪ ብዬ አስገድጄሽ ነው አሉ የተወጋሽው። ምነው ዝም አልሽኝ? አሞኛል ብትዪኝ ገንፎ ነበር የማገነፋልሽ።»

«ፊትዎን አይቼ ፈራሁ።»

«ፊቴ እንኳ እንዲሁ ነው፣ ልጄ። ሲስቅም እንዲሁ ነው።»

ፈህሚያ ሪቴይነሩን በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና በጣቷ አጥባ፣ ደጋግማ አለቅልቃ ወጣች። ጃቢር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀበላት። ሰም የተቀመጠበትን አረንጓዴ ማስቀመጫም አውጥታ ሰሙን በጨርቅ ጠቀለለችና ማስቀመጫውን መለሰችለት።

«ሁለተኛ በሶፍት ብትጠቀልል» አለችው፣ «እንዲቀቀል ነው የምተወው።»

«ሁለተኛ እንዳልረሳው የሚያስታውሰኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር» አለ። ይህን ማለቱ ራሱን አስደነገጠውና ሪቴይነሩን ለማድረግ ፊቱን አዞረ። ሲዞር ሠርገኛው በሙሉ ቆሞ ያያቸዋል። ልዕልት በአዝማሪው ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለችው።

«ጥርሱ ከማዕድ ቤት ተገኘለት በቃ፣
ልቡን ደግሞ ፈልጉ፣ ፈህሚያ ሳትነቃ።»

ፈህሚያ ፊቷን በአያ አድማሴ ጋቢ ሸፈነች። ስትስቅ ሰሙ ከጥርሷ ለቆ ወጣ፤ ሄዳ ሌላ ለጠፈች።

ሰኞ ሻንጣው ከአዲ አርቃይ መጣ። ማክሰኞ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ጃቢርና ፈህሚያ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከደባርቅ እስከ ዳባት ስለ ጥርስ አወሩ፤ ከዳባት ወዲህ ስለ ጥርስ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ዶክተር ጽጌሬዳ ሁለቱን አስከትለው አስገቡ። የፈህሚያን ሽቦ መለሱ፣ የቀረውን ሰም አሽትተው «ማር ማር ይላል» አሉ። ከዚያ ጃቢርን ወንበሩ ላይ አስተኝተው፣ አፉ ተከፍቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ስለ ኅዳሩ ቀጠሮ እስኪበቃቸው ተናገሩት። ፈህሚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የምታይ መስላ አዳመጠች።

ጃቢር ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላሳለፈም። እንዲያውም ያልተቀጠረበትም ቀን ይመጣ ጀመር። ከረመዳን በኋላ ሽማግሌ ላከ። የፈህሚያ አባት ጠየቁ፣ አጣሩ፣ ወደዱት። ነገሩ የከበዳት እናቷ ዙበይዳ ናት።

«ሽቦሽ የሚፈታው ከስምንት ወር በኋላ ነው» አለቻት። «ኒካሁ እስከዚያ ቢቆይ ምን አለበት? ፎቶው እኮ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ነው።»

«እማዬ፣ እሱ ያወቀኝ በሽቦዬ ነው።»

«እኔ የምለው ለሰው ዓይን ነው።»

«የሰው ዓይን ሲፈልግ የሽቦዬን ማሰሪያ ይቁጠረው፤ ከላይ አሥር፣ ከታች አሥር ነው። ስምንት ወር ግን አልጠብቅም። ስምንት ቀንም ከብዶኛል!»

ይህን ያለችው ሳታስበው ጮክ ብላ ነው። አባቷ ከሱቁ ውስጥ ሲያስሉ ተሰማ። ዙበይዳ ልትቆጣ አፏን ከፍታ፣ ሳቋ አሸንፏት ልጇ ትከሻ ላይ ተደገፈች።

ኒካሁ በግንቦት ታሰረ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዶፍ ወረደና ድንኳኑ አንድ ጎኑ ተደረመሰ። ሠርገኛው ትሪውን እንደያዘ አባቷ ሱቅ ውስጥ ተግተልትሎ ገባ። አዲስ ዓለም፣ ሳንጃና ደባርቅ በጥቅል ጨርቆች መሀል ተጠጋግተው ቆሙ፤ ልዕልት ባንኮኒው ላይ ወጥታ እልል አለች። ፎቶ አንሺው ከበሩ ጋ ሆኖ «ሙሽሮች፣ ወደ እኔ!» ቢል ማን ይስማው፤ ጃቢር ለፈህሚያ እያጎረሳት፣ እሷ ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ አንድ ነገር ልትነግረው እየሞከረች፣ ሁለቱም በሳቅ ተንፈራፍረው ነበር።